የማሪዮ ሁለተኛ ዓይን

ከሰዓት ጀምሮ የሆነ ቅር የሚል ነገር አለብኝ። ዝናብ ሊመጣ ብሎ ሳይመጣ ሲቀር እንደሚሰማው ዓይነት። ጠዋት ጣና ዳር ዘጌ ነበርን፤ ማታ ደግሞ ያቺ የምታውቋት ጌም ቤት። ያ አብሮኝ የነበረው ልጅ እንደ ልማዱ በፊፋ፣ በኳሱ ጌም፣ 5 ለ 0 ሸኘኝ።

የተቀመጥኩት ስለ ሽንፈቱ ልጽፍ ነበር። የጆይስቲኩ የግራ እጀታ ሳይነኩት ወደ ላይ ይሄዳል። አውራ ጣት ከሚያርፍበት ሥር ሁለት ትንንሽ መለኪያዎች አሉ፤ አንዱ የግራና የቀኙን፣ ሌላው የላይና የታቹን የሚለካ። በውስጣቸው ያለው የካርቦን ሽፋን በመታሸት ብዛት ሲሳሳ መሀሉን ይስታሉ፤ ጣት ተነስቶም «እየተገፋሁ ነው» ይላሉ። አቧራ ከሆነ ጠብታ አልኮል ያድነዋል። ካለቀ ግን መቀየር ነው፤ መንፋትና መምታት ዋጋ የለውም። ተከላካዬ ኳሷን ትቶ ወደ መስመር ዳኛው የሄደው በዚህ ነው። እሺ፣ ከአምስቱ ሁለቱ በዚህ ናቸው።

ብቻ ተራ ስጠብቅ ጥጉ ላይ አንድ ማሙሽ በስልኩ የድሮውን ማሪዮ ይጫወት ነበር። አየሁትና ዘጌ ትዝ አለኝ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት የገባችሁ ታውቁታላችሁ። ውጪው ክብ ነው፣ መሀል ላይ ያለው መቅደስ አራት ማዕዘን፤ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ሥዕሉ ያረፈው ጭቃው ላይ ሳይሆን በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ጣራው ካፈሰሰ ውሃው ከጨርቁ ጀርባ ይወርዳል፣ ጭቃው ይርሳል፣ ጨርቁ እንደ እንጀራ ዓይን ያብጥና ይላቀቃል። ቀለሙ ደህና ሆኖ ሥዕሉ የሚወድቀው ለዚህ ነው። ሙዚየሙ አጠገቡ ነው፤ ዘውዱን፣ መስቀሉን፣ የብራና መጻሕፍቱን እዚያ ታያላችሁ። እኔን ግን የያዘኝ ዲያቆኑ ስለ ሥዕሉ ያለው ነገር ነው፦ «ጻድቅ ፊቱን ወደ አንተ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያይሃል። ክፉ ግን በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ወንድሜ፣ ፍላሹን አጥፋልኝ።»

ይህ የቤተ ክርስቲያን ብቻም አይደለም። በዓድዋ ሥዕሎች ላይ የኛ ሰው ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ ጣልያኑ በጎን። ሠዓሊው ሰው ፈርጆ ነው ብሩሽ የሚያነሳው።

እንግዲህ በዚህ ሕግ ማሪዮ ምንድን ነው? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጎኑ ይሮጣል። አንድ ዓይን! ሰይጣን ማለት ነው።

ሰበቡ ድህነት እንጂ ክፋት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ያ ጨዋታ ጠቅላላው 40 ኪሎባይት ነው፤ ከዚህ የምስሉ ድርሻ 8 ብቻ። ዛሬ አንድ ሰልፊ ስንት እጥፉን ይበላል። ትንሹ ማሪዮ ቁመቱ 16 የስክሪን ነጥብ (ፒክስል)፣ ቀለሙ ሦስት ነው። ፈጣሪው ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ዶንኪ ኮንግ በሚባለው ጨዋታ ሲስለው አፍ የሚሆን ነጥብ ስላጠረው ጺም ሰጠው፤ ጸጉር ሲንቀሳቀስ መሳል ስላስቸገረ ኮፍያ ደፋለት። የሚሳለውም በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ሌላው ሲዞር ማሽኑ ያንኑ ምስል እንደ መስታወት ይገለብጠዋል። ይህ ቁጠባ ስትሪት ፋይተር ላይ መዘዝ አመጣ፤ አንድ ዓይኑን በጨርቅ የሸፈነው ሳጋት ዞር ባለ ቁጥር ጨርቁ ወደ ሌላው ዓይን ይዘላል። እዚያ እንዲያውም ሁለቱም ተፋላሚዎች በጎን ስለሚቆሙ የዘጌ ሠዓሊ ቢያይ ጻድቅ የሌለበት ጠብ ይለዋል።

ፊፋ ደግሞ የባሰ ነው፤ ካሜራው ከላይ ስለሆነ 22ቱም ዓይን የላቸውም። ጎል ሲገባ ብቻ ካሜራው ይወርድና አግቢው ፊቱን ይመልሳል። ማለትም ያገባ ይጸድቃል። እኔ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደጸደቅሁ ከላይ ጽፌያለሁ።

ማሙሹ ግን በዚህ መሀል ኤሊ ነካና ሞተ። ማሪዮ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘረጋ፣ ፊቱን ወደኛ መለሰ። ሁለት ዓይን! ዘለል አለና ወደ ታች ወደቀ። ስንት ዓመት ተጫውቼው አላየሁትም። በሙሉ ጨዋታው ፊት ለፊት የሚያየን ሲሞት ነው። ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ ጠላት ከነካው ወይም ሰዓት ካለቀበት ነው። ጉድጓድ ከገባ ሳይዞር በጎኑ እንደሆነ ይጠፋል።

አሁን ስለ በላዔ ሰብእ ነው የማስበው። እዚያው ዑራ ግድግዳው ላይ አለ። 78 ነፍስ በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለተጠማ ሰው ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ሚዛኑ ላይ ያቺ ውሃ 78ቱን መዘነች። ሲበላ ክፉ ነው፣ ሲመዘን ዳነ። ታዲያ ሠዓሊው ሁለተኛዋን ዓይን የጨመረለት የቱ ላይ ነው? ውሃውን ሲሰጥ ወይስ ሚዛኑ ጋ? ወይስ ከመጀመሪያውም በሁለት ዓይን ስሎት፣ መዳኑን እያወቀ ሰው ሲበላ አሳየው?

ጠዋት ከሥሩ ቆሜ ነበር። ስለ ማታው ጌም እያወራሁ።

ተነስቼ ፎቶዎቹን አገላበጥኩ። የሱ ሥዕል ያለበት አንድ ብቻ ተገኘ፤ ያ 5 ለ 0 ያገባብኝ ልጅ ያነሳኝ ነው። አጉልቼ አየሁት። የበላዔ ሰብእን ፊት ሙሉ በሙሉ የሸፈነው የኔ ራስ ነው፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን።