ከኮምቦልቻ እስከ ጦሳ በጆሮ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ቶሎ ይደረሳል። እኛ ግን ሙሉ ቀን መደብንለት፤ ሥራችን በመንገዱ ላይ የምንሰማቸውን አጫጭርና ድንገተኛ የአእዋፍና የእንስሳት ድምፆች በአማርኛ ፊደል መያዝ ነበር። ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ 2,500 ሜትር አካባቢ የሚወጣ መንገድ ስለሆነ ቆላ ቀመሱንም ደገኛውንም ወፍ በአንድ ቀን ያሰማል።

ቦርከና ወንዝ ዳር የተቀመጥነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት መቅረጽ አይሞከርም። የንጋቱ አዛንና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ከተማውን የሚሞሉበት ሰዓት የጸሎት ሰዓት ነው፤ ውሾቹም አብረው ያላዝናሉ። ቦታ ከያዙ በኋላም ወዲያው አይጻፍም። ሰው ሲመጣ ወፎቹ የሚያሰሙት የድንጋጤ ድምፅ ነው፤ 10 ደቂቃ ያህል ሳይንቀሳቀሱ ከቆዩ ወደ ተለመደው ጨዋታቸው ይመለሳሉ።

ደብተሩ ላይ የሚያዘው አራት ነገር ነው፦ ድምፁ ስንት ጊዜ ተደጋገመ፣ ተቆረጠ ወይስ ተጎተተ፣ ወደ ላይ ወጣ ወይስ ወረደ፣ ወፉ ያን ጊዜ ምን እያደረገ ነበር። ለእኔ አራተኛው ከሦስቱ ይበልጣል። የጮኸበት ምክንያት ያልተጻፈለት ድምፅ በኋላ ከሌላው ጋር ሲመሳሰል የሚለይበት ነገር አይኖርም።

ድንገት የሚቆረጥ ድምፅ ለመጻፍ አማርኛ የታደለ ነው። ጥ፣ ጭ፣ ቅ፣ ጵ ሲነገሩ ትንፋሽ ጉሮሮ ላይ ታግዶ በአንዴ ይለቀቃል፤ የወፍ «ጢክ» እና የቁራ «ቋ» የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ለሚጎተተው ር፣ ለሚከስመው ው ይሆናል። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። የወፍ ድምፅ «ጭጭ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ የሚረዳው ዝምታን ነው። «ጭር» ሰው የራቀው ሰፈር፣ «ጭው» ደግሞ ገደል ወይም በረሃ ይሆንበታል። ስለዚህ አናባቢውን ቀይሮ፣ በሰረዝ ለያይቶ መደጋገም ይበጃል፤ «ጪክ-ጪክ-ጪክ»፣ «ጪርርር» እንደማለት። ፊደሉ መጥበቅን ስለማያሳይም በጠበቀው ሆሄ አናት ላይ ሁለት ነጥብ እናደርጋለን። ሁለት ጊዜ ብንጽፈው ድምፁ የተደጋገመ ይመስላል።

ፊደል የማይደርስበትም አለ። የሰው ድምፅ የሚወጣው ከአየር ቧንቧው ጫፍ፣ ከማንቁርት ነው። የወፍ ግን ቧንቧው ወደ ሁለቱ ሳንባዎች ከሚከፈልበት ከታችኛው ቦታ ነው፤ ብዙ ወፎች ሁለቱን ጎን ለየብቻ ማዘዝ ይችላሉ። ሁለት ድምፅ በአንድ ጊዜ ሲሰማ ጎልቶ የወጣውን ብቻ ጽፈን አጠገቡ ምልክት አድርገን አለፍን።

ከየጎፍ ደን ጥግ ጽድና ወይራው መሃል ስንገባ የሚያሳስተው ነገር ተለወጠ። እዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚደበቅ፣ ከላይ ጥቁር ከታች ነጭ የሆነ ወፍ አለ። አንዱ እንደ ደወል «ኮንግ» ሲል ጓደኛው ወዲያው ይመልስለታል፤ ክፍተቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ጀማሪ የአንድ ወፍ ድምፅ አድርጎ ይጽፈዋል። በሁለቱ መሃል ቆሞ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ መምጣቱን መስማት ነው መፍትሔው። ድኩላ ባለበት ደን ደግሞ የውሻ ጩኸት የሚመስል ነጠላ፣ ሻካራ ድምፅ ከተሰማ «ውሻ» ብሎ ለመጻፍ መቸኮል አይገባም፤ ድኩላ ሲደነግጥ እንዲሁ ይጮኻል።

ሐረጎ ዳገት ላይ ብዙ አልቆየንም። ዳገቱን የሚወጡት ከባድ መኪናዎች የዋኔንና የእርግብን ወፍራም ድምፅ ይውጡታል፤ ቀጭንና ሹል የሆነው ብቻ አልፎ ይሰማል።

ደሴ ውስጥ ምርጡ መምህር የጓሮ ዶሮ ነች። ከፒያሳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። እንቁላል የጣለች ዶሮ ታስካካለች፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ጭልፊት ከሰማይ ሲያንዣብብ ግን ዶሮዎች የሚያሰሙት አንድ የተጎተተ ድምፅ ነው፤ ጫጩቶቹም ወዲያው ይደበቃሉ። ድመት ወይም ውሻ በምድር ሲመጣ «ካ-ካ-ካ-ካ» እያለ የሚቆራረጥ ነው። ልዩነቱ ምክንያት አለው። ቀስ ብሎ የሚጀምርና የሚከስም ቀጭን ድምፅ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ጠላት ከላይ እያየው ላለ ደካማ ይህ መሸሸጊያ ነው። ድንገት የሚጀምርና የሚደጋገም ሻካራ ድምፅ ግን ምንጩ ቶሎ ይገኛል፤ ትናንሽ ወፎች ጉጉት ሲያገኙ ተጠራርተው የሚከቡት በዚህ ዓይነቱ ነው። ጠዋት ቦርከና ላይ የጻፍናቸውን ሁሉ በዚህ መሠረት እንደገና አየናቸው።

ለቤት እንስሳት ግስ ሞልቷል። አህያ ያናፋል፣ ፈረስ ያሽካካል፣ በሬ ያጓራል፣ ላም እምቧ ትላለች። ወፍ ግን ሲበዛ ይንጫጫል፣ ሲያስደስት ያዜማል፤ ከዚያ ውጭ «ይጮኻል» ብቻ ነው የሚባለው፤ ይህ ደግሞ ምንም አይነግርም። እኛ የተደገፍነው «አለ» ላይ ነው። ማንኛውም የተሰማ ድምፅ «አለ» ሲከተለው ግስ ይሆናል፤ «ጢክ አለ»፣ «ጢክ-ጢክ እያለ በረረ»። አዲስ ግስ ከመፍጠር ይህ እጅግ ይሻላል፤ አንባቢ ድምፁን በራሱ አፍ ሊሞክረው ይችላል።

ከደሴ በላይ ካለው የጦሳ ተራራ የደረስነው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን የመረጥነው ወደታች የቆለመመ ረጅም መንቁር ላለውና ከጉሮሮው ሥር ቆዳ ለሚንጠለጠልበት የደጋ ወፍ ብለን ነው፤ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው። ቀን መስክ ላይ ሲለቅም ውሎ ማታ በመንጋ ወደ ማደሪያው ሲመለስ «ኳርር-ኳርር-ኳርር» ይላል፤ አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ይቀበላሉ። ማጅራቱ ነጭ የሆነው ባለ ትልቅ መንቁር ቁራ ደግሞ ድምፁ ዝቅ ያለና የሻከረ ነው። ሁለቱ ከሩቅ ከተምታቱ ክንፉን ማየት ይረዳል፤ የመጀመሪያው ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል፣ ቁራው ግን ክንፉ ላይ ነጭ የለውም።

አናት ላይ ነፋስ የምንቀርጽበትን ስልክ አስቸገረው። የስልኩን ማይክሮፎን በወፍራም ስፖንጅ መሸፈንና ጀርባን ለነፋሱ ሰጥቶ ስልኩን ደረት አጠገብ መያዝ ይረዳል፤ በእጅ ማወዛወዝ ግን ቅጂውን ያበላሻል። ነፋሱ የዋጠውን በኋላ ማጣራት ስለማይቻል፣ የጦሳዎቹን ድምፆች ከቅጂው ሳንጠብቅ እዚያው ቆመን ጻፍናቸው።