የጥምቀት ባነር፦ የሚያበራና የሚያንጸባርቅ ፊደል በፎቶሾፕ

ጽሑፍ እንደ መብራት እንዲያበራ ሲፈለግ አውተር ግሎው (በፊደሉ ዙሪያ ብርሃን የሚጨምር የፎቶሾፕ ኢፌክት) ተከፍቶ መጠኑ (ሳይዝ) ዝም ብሎ ይጨመራል። የሚገኘው ጭጋግ ነው። በጎንደር ለጥምቀት በዓል ባነር «ጥምቀት» የሚለውን ቃል ስሠራ ከውስጥ የሚወጣውን ብርሃንና ላዩ ላይ የሚያርፈውን ነጸብራቅ ለየብቻ አበጀኋቸው። ከውስጥ የሚወጣ ብርሃን ጠርዝ የለውም፣ እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፤ የነጸብራቅ ጠርዝ ግን ቁርጥ ያለ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከፊደሉ ሥር፣ ነጸብራቁ ከፊደሉ በላይ በራሳቸው ሌየር (በተደራረበ የሥዕል ንብርብር) ይቀመጣሉ።

ባነሩ 3 ሜትር በ1 ሜትር ነው። በኢንች 100 ፒክስል ሲሰላ 11811 በ3937 ፒክስል ይሆናል። ከሥር ያስገባሁት አመሻሽ ላይ የተነሳ፣ ውሃ የተሞላ የአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ፎቶ ነው፤ በሌቭልስ (ብርሃንና ጨለማን በሚያስተካክለው መሣሪያ) በደንብ አጨለምኩት። ለብርሃኑ የምጠቀምበት ስክሪን ሞድ (ሌየሩን ከሥሩ ካለው ጋር እያደመቀ የሚያዋህድ ዘዴ) ነጭ ላይ ምንም አይጨምርምና መደቡ ካልጨለመ ብርሃኑ አይታይም።

ፊደሉ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ቦልድ ነው። ፎቶሾፕ በራሱ የሚያወፍረውን ፎክስ ቦልድ ለግእዝ ፊደል አልመክርም፤ የ«ም» ሁለት ቀለበቶች ይደፈናሉ።

ለብርሃኑ የጽሑፉን ሌየር በኮንትሮል ጄ ሦስት ጊዜ አባዝቼ ከሥሩ አስገባሁ። በሁለቱ ላይ ፊል (ኢፌክቱን ሳይነካ የፊደሉን ድፍነት የሚወስነው) 0 አደረግሁ፤ ፊደሉ ይጠፋል፣ ኢፌክቱ ብቻ ይቀራል። አንደኛው አውተር ግሎው ፈዛዛ ቢጫ፣ ሳይዝ 40፣ ኦፓሲቲ (ድፍነት) 80 በመቶ፤ ሁለተኛው ብርቱካናማ፣ ሳይዝ 250፣ ኦፓሲቲ 35 በመቶ። ሳይዙ ከ250 ፒክስል አያልፍም፤ በዚህ ባነር ላይ ያ ከ6 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሚሰፋው ብርሃን ሦስተኛውን ቅጂ ብርቱካናማ አድርጌ ስማርት ኦብጀክት (ኢፌክቱ በኋላም ሊስተካከል የሚችልበት ሌየር) ካደረግሁት በኋላ ጋውሲያን ብለር (ማደብዘዣ) 400 ፒክስል ሰጠሁት፤ ሞዱ ስክሪን ነው።

በ«ም» ቀለበቶች ውስጥ ብርሃን ሲጠራቀም ቀዳዳው ይጠፋል። በብርሃኑ ሌየር ላይ ማስክ (የሌየሩን ክፍል የሚደብቅ ሽፋን) ጨምሮ በጥቁር ብሩሽ መቀባት ብቻውን አይበቃም፤ ግሎው የሚሰላው ከማስኩ በኋላ ባለው ቅርጽ ነው። ብሌንዲንግ ኦፕሽንስ ውስጥ «ሌየር ማስክ ሃይድስ ኢፌክትስ» የሚለውን ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ይቺ ትንሽ ሳጥን ፊደሉን ታድነዋለች።

ፊደሉ ራሱ ከላይ ጠቆር ያለ ብርቱካናማ፣ ከታች ወደ ነጭ የቀረበ ቢጫ ግራዲየንት ነው። የላዩ ክፍል ካልጠቆረ ነጸብራቁ የሚታይበት ቦታ አያገኝም። ለነጸብራቁ ኮንትሮል ተጭኜ የጽሑፉን ሌየር ምልክት ጠቅ አደረግሁና በፊደሉ ቅርጽ የወጣውን ምርጫ በኮንትራክት 15 ፒክስል አጠበብኩ፤ በአዲስ ሌየር ከነጭ ወደ ባዶ የሚሄድ ግራዲየንት ከላይ ወደ ታች ሳብኩበት። የታችኛውን ግማሽ በሰፊ ሞላላ ምርጫ ቆረጥኩት፣ ፌዘር (የምርጫው ጠርዝ ማለስለሻ) 0። ፌዘር ቢጨመር መስታወትነቱ ይጠፋና የደበዘዘ ላስቲክ ይመስላል። ኦፓሲቲ 45 በቂ ነው።

አካባቢውን የማያበራ መብራት አይታመንም። በድንጋዩ ግንብ ላይ ሞዱ ከለር ዶጅ (ከሥሩ ያለውን በኃይል የሚያደምቅ) በሆነ ሌየር፣ ፍሎው (የቀለም ፍሰት) 5 በመቶ በሆነ ለስላሳ ብሩሽ ብርቱካናማ ቀባሁ። ከለር ዶጅ ጥቁርን አይነካም፤ የድንጋዩ ፊት ሲበራ ስንጥቁ እንደጨለመ ይቀራል። ለውሃው ደግሞ የፊደሉን ሌየሮች ግሩፕ (ስብስብ) አባዝቼ በፍሊፕ ቨርቲካል ገለበጥኩ፤ ሞሽን ብለር (በአንድ አቅጣጫ የሚያደበዝዝ) በ90 ዲግሪ፣ ኦፓሲቲ 35።

ለህትመት ሲሄድ ሌየሮቹ ሳይዋሃዱ ወደ ሲኤምዋይኬ (የህትመት ቀለም ሥርዓት) መቀየር የለባቸውም፤ ሞዶቹ በዚያ በሌላ ቀለም ስለሚሰሉ ብርሃኑ ይለወጣል። መጀመሪያ በፋይሉ ቅጂ ላይ ፍላተን (ሌየሮቹን ወደ አንድ ማዋሃድ)፣ ከዚያ ቅየራ። ጥቁሩ ላይ የቀለበት መስመር እንዳይወጣ ከመቀየሩ በፊት 2 በመቶ ባለ አንድ ቀለም ኖይዝ ጨምሩ። ብርቱካናማው ሲታተም ከስክሪኑ መደብዘዙ አይቀርም፤ ሙሉው ባነር ከመታተሙ በፊት ከ«ም» ዙሪያ የኤ4 ስፋት ያለው ቁራጭ በሙሉ መጠኑ፣ በዚያው ማሽንና በዚያው የባነር ቁስ ላይ ይታተምላችሁ።