ንጉሥ ባለበት ከተማ ከንቲባውን ማን መረጠው?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1993 ለእይታ የበቃው «ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» ስለ ራሱ ብዙ የሚያብራራ ፊልም አይደለም። ርዝመቱ 76 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ከዚያም ውስጥ ሰፊውን ድርሻ ዘፈን ይወስደዋል፤ የሃሎዊን ከተማ (ሃሎዊን ምዕራባውያን አስፈሪ ልብስ ለብሰው የሚያከብሩት በዓል ነው) ነዋሪዎች ከየት እንደመጡ፣ ማን በምን ሥልጣን እንደሚገዛቸው፣ ከመሞታቸው በፊት ምን እንደነበሩ የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ይህን ክፍተት አድናቂዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ በመላምትና በቀልድ ሲሞሉት ኖረዋል። እኔም ሁለቱንም ስከታተል ከቆየሁ በኋላ አንድ አቋም ይዣለሁ፦ አብዛኞቹ መላምቶች ከፊልሙ እየራቁ ይሄዳሉ፤ ቀልዶቹ ግን ፊልሙን በጥንቃቄ ካየ ሰው የሚመነጩ ናቸው።

ፊልሙን ላላየ ሰው ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። የዱባ ንጉሥ የሚባለው ረጅሙ አጽም ጃክ ስኬሊንግተን በየዓመቱ ሰው ማስፈራራቱ ይሰለቸውና በጫካ ሲንከራተት ወደየበዓላቱ ዓለም የሚያስገቡ በሮች የተሠሩባቸውን ዛፎች ያገኛል። በአንደኛው በር ገብቶ ገናን ያያል፤ ይማረካል፤ የገና አባትን አሳፍኖም በዓሉን ራሱ ለማካሄድ ይነሣል። ከስፌት የተሠራችው ሳሊ ነገሩ እንደማያምር ብታስጠነቅቀውም አይሰማትም።

ከመላምቶቹ ሁሉ ዝነኛው ሦስት ፊልሞችን በአንድ ክር የሚሰፋው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው «ፍራንከንዊኒ» የሞተ ውሻውን ስፓርኪን በመብረቅ ኃይል የሚያስነሣው ልጅ ቪክተር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው «ኮርፕስ ብራይድ» ሳያስበው ከሞተች ሙሽራ ጋር ቃል ኪዳን የሚገባው ወጣትም ስሙ ቪክተር ነው፤ በሙታን ዓለምም ስክራፕስ የተባለው የድሮ ውሻው በአጽም መልክ ይቀበለዋል። ጃክ ደግሞ ዚሮ የሚባል፣ አፍንጫው እንደ ፋኖስ የሚያበራ መንፈስ ውሻ አለው። እንግዲህ በመላምቱ መሠረት ሦስቱ አንድ ሰው ናቸው፤ ልጁ አድጎ፣ ሞቶ፣ ጃክ ሆነ፤ ውሻውም ከሥጋ ወደ አጥንት፣ ከአጥንት ወደ መንፈስ እየቀለለ ተከተለው።

ውበት እንዳለው አልክድም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ቪክተር የሚኖረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ሠፈር ሲሆን ሁለተኛው የሚኖረው በፈረስ ሠረገላ ዘመን በነበረች የአውሮፓ ከተማ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ወደ ወጣትነት የደረሰው በዘመን ወደ ኋላ እያደገ ነው ማለት ነው። በተጨማሪም ስፓርኪ በፊልሙ መጨረሻ ዳግመኛ ሕያው ሆኖ ከጌታው ጋር ስለሚቀር፣ መላምቱ እንዲቆም ያንን ደስታ መልሶ መግደል ግድ ይላል። ከሁሉ በላይ ግን መላምቱ የተመሠረተው ሦስቱም የአንድ ሰው፣ የቲም በርተን፣ ፊልሞች ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው። በርተን እ.ኤ.አ. በ1982 በዲዝኒ ተቀጥሮ ሲሠራ ለ«ዘ ናይትሜር ቢፎር ክሪስማስ» መነሻ የሆነውን ግጥም ጽፏል፤ ገጸ ባሕርያቱንም ስሏል፤ ፊልሙን በዳይሬክተርነት የመራው ግን ሄንሪ ሴሊክ ነው፤ ስክሪፕቱንም የጻፈችው ካሮሊን ቶምሰን ናት። የበርተን ስም ከርዕሱ በላይ በትልቁ ስለተጻፈ፣ ሴሊክ በገዛ ፊልሙ ውስጥ ከዚሮ ቀጥሎ ሁለተኛው መንፈስ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከፊልሙ ውስጥ የሚነሣ መላምት ካስፈለገ ጃክ ራሱ መነሻውን ሰጥቶናል። በመቃብሩ መካከል ብሶቱን ሲዘፍን፣ ሙት ስለሆነ ጭንቅላቱን አውልቆ በእጁ ይዞ የሼክስፒርን ቃል ሊያሰማ እንደሚችል ይናገራል። ሙት ከሆነ አንድ ጊዜ ኖሯል፤ ሼክስፒርንም ከአንድ ቦታ ተምሮታል። የእኔ ግምት ጃክ በሕይወት ሳለ የመድረክ ተዋናይ ነበር የሚል ነው። መጀመሪያ ሲታይ በማስፈራርቾ ተመስሎ፣ በእሳት ተቀጣጥሎ፣ ወደ ፏፏቴው ዘልሎ ከገባ በኋላ ቀስ ብሎ ከውኃው ብቅ ይላል፤ ይህ የንጉሥ አገባብ ሳይሆን የተዋናይ አገባብ ነው። ሕዝቡ ሲያጨበጭብለት ይከፋዋል፤ ሁልጊዜ ያንኑ ሚና መጫወት የታከተው ሰው ጭብጨባ ሲሰማ ይብስበታል። ከዚያም የሚያደርገው ምንድን ነው? የሌላ ሰው ልብስ ለብሶ፣ ጢም ለጥፎ፣ የሌላ ሰው ሚና ይጫወታል። በመድፍ ተመትቶ ከሰማይ ከወደቀ በኋላ እንኳ ኀዘኑ ብዙ አይቆይም፤ ቢያንስ ሞከርኩ ብሎ ይፈነድቃል። ትርኢቱ ሳይሳካለት ቀርቶ በራሱ የሚረካ ሌላ ባለሙያ አላውቅም።

ጥቃቅን ነገር እየለቀሙ መላምት የሚሠሩትን ሰዎች ግን በከንቱ የሚደክሙ አድርጌ አላይም። ፊልሙ የተሠራው በስቶፕ ሞሽን ነው፤ አሻንጉሊቱን በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶ ማንሣት ማለት ነው። ለአንድ ሰከንድ 24 ምስል ያስፈልጋል፤ 76 ደቂቃው ሲሰላ ከ109 ሺህ ምስል በላይ ይሆናል፤ አንድ ደቂቃ የሚሆን ፊልም ለማንሣትም አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅ ነበር። ለጃክ ብቻ 400 ያህል ጭንቅላቶች፣ እያንዳንዳቸው በተለየ የፊት ገጽታ፣ ተሠርተውለታል። በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ በካሜራ ፊት ሳይታሰብበት የተቀመጠ ዕቃ ስለማይኖር፣ ጥግ ላይ ያለ አሻንጉሊት ምን ይሠራል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። አንዳንድ ጊዜ መልሱ ቀልድ ይሆናል። በመጨረሻው ክፍል በረዶ ሲጥል ቫምፓየሮቹ ሆኪ የሚጫወቱበት ዱባ በመጀመሪያው ቅጂ የቲም በርተን የተቆረጠ ራስ ነበር፤ በኋላ ተለወጠ። ሴሊክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው «ኮራላይን» ውስጥም እንቁላል ሲሰበር የጃክ ፊት በአስኳሉ ላይ ይታያል። ሠሪዎቹ እንዲህ እየቀለዱ ሳለ በአስኳሉ ተነሥቶ ሁለቱ ታሪኮች በአንድ ዓለም የተፈጸሙ ናቸው ብሎ መደምደም፣ ፊርማን እንደ ውል መቁጠር ነው።

አንዳንድ መላምት ደግሞ ለጥቂት ሳይጸድቅ ቀርቷል። ከፊልሙ ከተሰረዙት ሐሳቦች በአንደኛው፣ ኡጊ ቡጊ የተባለው ከረጢት ለባሽ ክፉ ሲሸነፍ ከውስጡ ሳሊን የፈጠራት ዶክተር ፊንክልስታይን ይወጣ ነበር፤ ምክንያቱም ሳሊ ከእርሱ ይልቅ ጃክን መውደዷ ያስቀናው መሆኑ ነው። የትዕይንቱ ንድፍ ተስሎ በዲቪዲው ላይ ተካቷል። ይህ ባለመሆኑ እጅግ ደስ ይለኛል። አሁን ባለው ፊልም ከረጢቱ ሲተረተር የሚፈስሰው የትላትልና የነፍሳት መንጋ ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ዛቻና ዳንስ በትል ተሸክሞ መቆሙ ከየትኛውም ምሥጢር ይልቅ ያስቃል። በዚያ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ዶክተር ከረጢት ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ እንዴት ይጨፍር እንደነበር አንድ ሰው ማስረዳት ነበረበት።

አሁን ወደምወደው ወደ ከንቲባው ልምጣ። የሃሎዊን ከተማ ንጉሥ አላት፤ ከንቲባም አላት። ከንቲባው የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ ይዞ በማለዳ ወደ ጃክ ቤት ሲመጣ ንጉሡ የለም፤ በዚህ ጊዜ እርሱ በምርጫ የተሾመ ባለሥልጣን ብቻ እንደሆነና ብቻውን ውሳኔ ሊሰጥ እንደማይችል እያለቀሰ ይናገራል። አድናቂዎች በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ሕገ መንግሥት ሊጽፉበት ምንም አልቀራቸውም፤ እኔም እውነት አላቸው እላለሁ። በዚህች ከተማ የተመረጠው አይወስንም፤ የሚወስነውን ደግሞ ማንም አልመረጠውም። ለመሆኑ በምርጫው ማንን አሸነፈ? ሁለት ፊት ያለው ሰው በመሆኑ፣ አንደኛው ደስተኛና ባለ ቀይ ጉንጭ፣ ሌላኛው የገረጣና የሚንቀጠቀጥ፣ በግራና በቀኝ ተሰልፎ ከራሱ ጋር ተወዳድሮ ይሆናል የሚለው ግምቴ ለጊዜው የተሻለ ተቃዋሚ አላገኘም። ንጉሡ አንድ ሌሊት ከቤቱ ሲጠፋ አስተዳደሩ በሙሉ ይቆማል፤ የአደጋ ጊዜ ደወል ይደወላል። ዲሞክራሲው ያለው በከንቲባው ሪባን ላይ ብቻ ነው።

በከተማው ስብሰባ ላይ የሚሆነውም ከዚህ የሚለይ አይደለም። ጃክ ስለ ገና ሊያስረዳ ሲሞክር ነዋሪዎቹ የስጦታ ሳጥኑ ውስጥ በሽታ አለ ወይ፣ በካልሲው ውስጥ እግር ቀርቶበታል ወይ፣ በስብሷል ወይ እያሉ ይጠይቁታል። ንጉሡ ለጥቂት ጊዜ ይታገላል፤ እንደማይገባቸው ሲረዳ ግን ለገና አባት የከባድ ድምፅና የአስፈሪ ንጉሥ መልክ ይሰጠውና ሕዝቡ የሚፈልገውን ይነግራቸዋል። አዳራሹ በእልልታ ይሞላል። የምርጫ ቅስቀሳ ሠልጣኝ ከዚህ ትዕይንት የሚማረው አያጣም። ቀጥሎ ጃክ ቤቱን ዘግቶ የሚያካሂደው ጥናትም ተማሪ የሆነን ሁሉ የሚነካ ነው፤ የገናን ምንነት ለማወቅ ጌጡን ይፈጫል፣ ይቀቅላል፣ አሻንጉሊቱን ይበልታል፣ በሰሌዳው ላይ ቀመር ይጽፋል፤ አንዳች ውጤት ሳያገኝ ሲቀር፣ እንግዲያውስ እኔ ራሴ አሻሽዬ ላዘጋጀው የሚል መደምደሚያ ላይ ይደርሳል።

በገና ሌሊት የጃክ አስፈሪ ስጦታዎች የሚደርሷቸው ሰዎችም ከቀልዱ አያመልጡም። ፖሊሱ ስልክ አንሥቶ አሻንጉሊት ሰው አጠቃ የሚል አቤቱታ ሲሰማ የሚደንቀው፣ ተመሳሳይ ቅሬታ ሲመጣ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ በቀጥታ ወደ ጦር ኃይሉ ይሄዳል፤ በመካከል አንድም ምርመራ የለም።

ሳሊን በተመለከተ ግን የአድናቂዎቹ መላምት ከቀልዳቸው ይበልጣል። የነቀለችው አበባ በእጇ ላይ የገና ዛፍ መስሎ በእሳት ሲጋይ ታያለች፤ ስለዚህ የሚመጣውን የማየት ስጦታ አላት የሚሉት ከፊልሙ ማስረጃ ይዘው ነው። እኔ የምጨምረው ሙያዋን ነው። በዶክተሩ ሾርባ ውስጥ መርዝ ጨምራ ሽታውን በሌላ ቅመም ታፍናለች፤ ቅመሺ ስትባል ቀዳዳ ባለው ማንኪያ ታወጣለች፤ ሾርባው አፏ ሳይደርስ ያልቃል። ከመስኮት ወድቃ የተለያየ እጅ እግሯን ራሷ ሰፍታ ትነሣለች። ከተማው ውስጥ ዕቅድ አውጥታ የምትፈጽም ብቸኛዋ ሰው እርሷ ሆና ሳለ የሚሰማት አጥታለች፤ የገና አባት ከታገተበት ነፃ ሲወጣ ለጃክ የሚሰጠው ምክርም በሚቀጥለው ጊዜ እርሷን ስማ የሚል ነው።

ፊልሙ የሃሎዊን ነው ወይስ የገና የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ አይገባውም። ታሪኩ በሃሎዊን ምሽት (ኦክቶበር 31) ጀምሮ በምዕራባውያኑ ገና (ዲሴምበር 25) ያልቃል፤ በመካከሉ 55 ቀናት አሉ፤ አንዳንዶችም ከሁለቱም ወገን ላለመጣላት ያለ ማቋረጥ በ55ቱም ቀናት ያዩታል። ሴሊክ እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሎራዶ ውስጥ በተካሄደ የፊልም ፌስቲቫል ተጠይቆ የሃሎዊን ፊልም ነው ብሎ ፈርዷል፤ ችሎቱ ግን እስካሁን አልተዘጋም።

አድናቂዎች ብዙም የማያነሡት አንድ ማስረጃ ያለው ፊልሙ ውስጥ ሳይሆን በሙዚቃ አልበሙ ላይ ነው። ተዋናዩ ፓትሪክ ስቱዋርት በሚያነብበው የመዝጊያ ግጥም፣ ከአነጋገሩ የገና አባት መሆኑ የሚታወቀው ተራኪ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጃክን ሊጠይቅ ሄዶ በዙሪያው አራት ወይም አምስት የአጽም ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ማየቱን ይናገራል። አጽምና በቅጠል የተሞላች አሻንጉሊት ልጅ እንዴት እንደሚወልዱ ብዙ ተቀልዷል፤ ሁሉም ልጆች ለምን በአባታቸው እንደወጡም እንዲሁ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የዓለምን ሕፃናት በሙሉ በስም መዝግቦ፣ ጥሩውንና መጥፎውን ለይቶ፣ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ የሚያረጋግጥ ሰው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የቆሙት ልጆች አራት ይሁኑ አምስት መቁጠር ያቃተው ለምንድን ነው?