አሮጌውን ኮምፒዩተሬን በጥቂት ገንዘብ ሳድስ

ጠረጴዛዬ ሥር የተቀመጠው ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ በቀረበው በአራተኛው ትውልድ የኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር የሚሠራ ሲሆን፣ ወደ እኔ የመጣውም ሌላ ሰው ለዓመታት ከተገለገለበት በኋላ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ማብሪያውን ተጭኜ ሌላ ሥራ ሠርቼ ብመለስ እንኳ ገና ሲያቃስት አገኘው ጀመር። አዲስ የምገዛበት አቅም ስላልነበረኝ፣ በእጄ ያለችው ጥቂት ገንዘብ የትኛው ዕቃ ላይ ብትውል ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለሳምንታት አብሮኝ ከረመ።

መጀመሪያ ልቤ ያረፈው ፕሮሰሰሩን በመለወጥ ላይ ነበር። የማዘርቦርዱ (ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ) የፕሮሰሰር ሶኬት ኤልጂኤ 1150 የሚባለው ዓይነት በመሆኑ ከዚያው ትውልድ ኮር አይ7-4770ን ይቀበላል፤ እሱ በአራት ኮር (የሥራ ክፍል) ስምንት ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) ሲያስኬድ የእኔው አይ5-4570 ግን አራት ኮርና አራት ትሬድ ብቻ ነው ያለው። ለዓይን እጥፍ ይመስላል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ስመለከት፣ ፕሮሰሰሩ የአቅሙን ሩብ እንኳ ሳይጠቀም ተቀምጦ፣ ዲስኩ ግን መቶ በመቶ ተወጥሮ አገኘሁት። ፕሮሰሰሩ ሥራ በዝቶበት ሳይሆን ዲስኩ መረጃ እስኪያቀብለው ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ያንን ባላይ ኖሮ ገንዘቤን ለጠባቂው ከፍዬ አስጠባቂውን እንዳለ እተወው ነበር።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። ሃርድ ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ቢሆንም፣ ተበታትኖ የተቀመጠ መረጃ ለማግኘት የማንበቢያ ክንዱን ባንቀሳቀሰ ቁጥር 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚህም ምክንያት በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማከናወን የሚችለው መቶ ገደማ ንባብ ብቻ ነው። ኮምፒዩተር ሲነሣ ደግሞ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ትንንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይለቅማል። ኤስኤስዲ የሚባለው፣ መረጃን በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠው የዲስክ ዓይነት ግን የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው እንዲህ ያሉትን ንባቦች በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያስተናግዳል። ማሸጊያው ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚታየው በሰከንድ 550 ሜጋባይት የሚል ቁጥር የሚጠቅመው ትልቅ ፋይል ለሚገለብጥ ሰው ነው፤ በዕለት ተዕለት ሥራ ልዩነቱ የሚሰማው በትንንሾቹ ንባቦች ነው። ስለዚህ ከርካሾቹ መካከል 240 ጊጋባይት የሚይዝ፣ ሳታ በሚባለው በተለመደው የዲስክ መሰኪያ የሚገናኝ ኤስኤስዲ ገዛሁ። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ቢያምረኝም፣ ማዘርቦርዴ መሰኪያው የለውም፤ በተጨማሪ ካርድ ቢሰካም እንኳ በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ቦርዶች ከእሱ መነሣት አይችሉም።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። ቦርዴ ኤች81 የሚባል ቺፕሴት (መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድር ቺፕ) ያለው ሲሆን፣ ከአራቱ የሳታ መሰኪያዎቹ ሁለቱ በሰከንድ 6 ጊጋቢት፣ ሁለቱ ደግሞ 3 ጊጋቢት ብቻ ያስተላልፋሉ (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው)። እኔም ለእጄ የቀረበውን መርጬ ሰካሁና ፍጥነቱን ስለካ ከ280 ሜጋባይት አላልፍ አለኝ። ኬብሉን ወደ ትክክለኛው መሰኪያ ማዛወር የፈጀብኝ አንድ ደቂቃ ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ የፈጀብኝን ምሽት ግን ባልቆጥረው ይሻላል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ገንዘብ አስወጥቶኛል። አራት ጊጋባይት ራም (ኮምፒዩተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) ለዛሬ ብራውዘር ስለማይበቃ ሌላ አራት ለመጨመር ወሰንኩ፤ ቦርዱ የሚወስደው ዲዲአር3 መሆኑን፣ ዲዲአር4 ደግሞ ጠርዙ ላይ ያለው ክፍተት በሌላ ቦታ ስለሆነ ጨርሶ እንደማይገባ ዐውቅ ነበር። ያገለገለ ራም ስፈልግ ከሌላው በጣም የረከሰ ዲዲአር3 አገኘሁና ሳላገላብጥ ገዛሁት። ለካስ ለሰርቨር የተሠራው፣ ሬጂስተርድ የሚባለው ዓይነት ኖሯል! በመሰኪያው ልክ ቢገባም ኮምፒዩተሩ ሊነሣ ፈቃደኛ አልሆነም፤ ሻጩም አልመልስም አለኝ። በመጨረሻ ነባሩን የሚመስል፣ መጠኑም ፍጥነቱም እኩል የሆነ የዴስክቶፕ ራም አገኘሁ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሰኩ በጥምር ስለሚሠሩ መረጃ የሚተላለፍበት መንገድም ሰፋ።

ግራፊክስ ካርድ አልገዛሁም። የፓወር ሰፕላዬ አቅም አነስተኛ ስለሆነ የምችለው ከመሰኪያው ብቻ ኃይል የሚወስደውን፣ ከ75 ዋት የማያልፈውን ዓይነት ነበር፤ ጌም ለማይጫወት ሰው እሱም ትርፍ ነው።

ይልቅ ሽፋኑን እንደከፈትኩ አቧራውን አራገፍኩ፣ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ ሰዓቱና ቀኑ በየማለዳው ወደ ኋላ እንዲመለስ ያደርግ የነበረውን ሲአር2032 ባትሪም ለወጥኩ። ከወጪው ሁሉ ትንሹ ይህ ሲሆን፣ የፋኑ ጩኸት መቀነሱ ግን ያልጠበቅሁት እረፍት ሆነልኝ።

የቀረው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጉዳይ ነበር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደኅንነት ማሻሻያዎቹን ጨምሮ) እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮች ደግሞ በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ስለሚጀምሩ የእኔው በአራት ትውልድ ወደ ኋላ ቀርቷል። በኤስኤስዲው ላይ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ፤ አሁን ማብሪያውን ተጭኜ ወንበሬን ሳስተካክል ይነሣል። አንድ የማልተወው ፕሮግራም ግን ከዊንዶውስ ውጭ ስለማይሠራልኝ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከነዊንዶውሱ በቦታው ትቼዋለሁ። እሱን በምከፍትበት ቀን የኔትወርኩን ኬብል እነቅላለሁ፤ ከዚያም እንደ ድሮው እስኪነሣ ድረስ ሌላ ሥራ እሠራለሁ።