ኬሞው ሳይጀመር የመጣው ጥያቄ

ሐረር፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የሚሰጥበት ክፍል ነው የምሠራው። ከድሬ የሚመጡ ታካሚዎች አሉን፤ የደንገጎ ጠመዝማዛ ገና ከሆዳቸው ሳይወጣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ያቺ ልጅም እንደዚያው ከአክስቷ ጋር መጣች። የጡት ካንሰር ነው፣ ዕድሜዋ ገና ሃያዎቹ ውስጥ፣ ቀለበት አስራለች። መድኃኒቱ የሚገባበት ካኑላ ደም ሥሯ ውስጥ ገብቷል፤ ዶክሶሩቢሲን የሚባለው ቀዩ የኬሞ መድኃኒትና ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለው ሌላው ታዘዋል።

አክስቷ ጠጋ አሉኝና «ሲስተር፣ ይሄ ነገር ልጅ አይከለክላትም አይደል?» አሉ። ልጅቷ «አቦ ተዪኝ አክስቴ!» ብላ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ቻርቱን ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥኩት። የደም ውጤት አለ፣ የልብ አልትራሳውንድ አለ፣ የእርግዝና ምርመራ ሳይቀር አለ። ወደፊት መውለድ ትፈልጋለች ወይ ብሎ የጠየቀ ግን የለም። መድኃኒቱን ሳልሰቅል ዶክተሩን ጠራሁት።

ዶክተራችን ወጣት ነው፣ ማስረዳት ይወዳል፣ አንዳንዴም ያበዛዋል። የጓንት ካርቶን ገልብጦ ሴል ሣለ። እያንዳንዱ ሴል ራሱን የሚያጠፋበት መሣሪያ በውስጡ አለው። ቢሲኤል-2 የሚባለው ፕሮቲንና መሰሎቹ ዘበኛ ናቸው፤ ባክስና ባክ የሚባሉትን ገዳዮች ይዘው ያስቀምጣሉ። የሴሉ የዘር መመሪያ የሆነው ዲኤንኤ ክፉኛ ሲጎዳ ግን ፑማና ኖክሳ የሚባሉ ፕሮቲኖች ይነሱና ዘበኞቹን ያስሯቸዋል፤ ባክስና ባክ የሴሉን ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያውን፣ ይበሱታል፣ ሴሉም ያበቃለታል። ካንሰር ደግሞ ዘበኛ ማብዛት ያውቅበታል። ቢሲኤል-2 ራሱ የታወቀው ፎሊኩላር ሊምፎማ ከሚባል ካንሰር ነው፤ ክሮሞሶም 14 እና 18 ቁራጭ ሲለዋወጡ ጂኑ ያለ ልክ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሜልቦርን ውስጥ እነ ዴቪድ ቮክስ የጂኑ ሥራ ሴሉን ማባዛት ሳይሆን እንዳይሞት ማድረግ መሆኑን አሳዩ።

የሴት እንቁላል ጠባዩ ሌላ ነው። ሴት ልጅ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች፣ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ 300 ሺህ ገደማ ይቀራታል፣ በዕድሜዋ ሙሉ የሚወጣው ግን 400 አካባቢ ብቻ ነው፤ ሌላው ራሱን እያጠፋ ያልቃል። ዲኤንኤው የተጎዳ እንቁላል ደግሞ ሞትን ብዙ አይታገልም። ሳይክሎፎስፋማይድ የሚያጠቃው ያንኑ ዲኤንኤ ነው። አልሞትም ያለውን ካንሰር ለማስገደድ የምንሰጠው መድኃኒት እሺ ባዩን እንቁላል ይዞት ይሄዳል ማለት ነው።

አክስት በጥሞና ሲሰሙ ቆዩና «ታዲያ ያንን ፑማ የምትሉትን አታስወጡትም?» አሉ።

ዶክተሩ ሳቁ መጣ። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ይህንኑ ሞክረውታል፤ ፑማ የሌላቸው አይጦች ጨረር ተሰጥቷቸው እንቁላላቸው ተርፏል፣ ወልደዋልም። ለሰው ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት እጃችን ላይ የለም፤ ቢኖርም ካንሰሩን አብሮ እንዳያተርፍ ያሰጋል።

እጃችን ላይ ያለውን ነገርናቸው። እንቁላል አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ አዲስ አበባ ድረስ መሄድም አለ፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ሌላው ጎሰሬሊን የሚባል በየወሩ የሚወጋ መርፌ ነው፤ እንቁላል ማምረቻውን ለጊዜው ያስተኛዋል፣ ሙሉ ዋስትና ባይሆንም አደጋውን ይቀንሳል፣ ከኬሞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ መወጋት አለበት። ልጅቷ ኮሪደር ወጥታ ለእጮኛዋ ደወለች። ስትመለስ ሻሹ ከፊቷ ተነስቷል። «መርፌውን» አለች። ሳምንት መዘግየቱ እሷን እንደማይጎዳት ዶክተሩ አረጋገጠና ካኑላውን አወጣሁት።

አንድ ባልደረባዬ «ወንበር አስያዝሽ፣ ወረፋ አበላሸሽ» ብሎ አጉረመረመ። ያጉረምርም! አሁን ጥያቄው ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ቻርቱ ላይ ይሞላል። ወንዶቹንም እንጠይቃለን፤ የእነሱን የዘር ፈሳሽ ቀድሞ ማስቀመጥ ከእንቁላሉ በጣም ይቀላል። ችግሩ እናታቸው አጠገባቸው ከተቀመጡ አንዱም ትንፍሽ አይልም፤ ስለዚህ ክብደት እንለካ ብለን ለብቻ እንወስዳቸዋለን።