ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ያለው ነጭ ጭቃ

ቱሉ ዲምቱ፣ ከሰፈራችን ብየዳ ቤት ጀርባ ያለው ቦይ ክረምት ከበጋ ነጭ ነው። የካርባይድ ዝቃጭ ነው። ካርባይዱ በርሜል ውስጥ ውሃ ሲያገኝ ለብየዳ የሚነደውን አሴቲሊን ጋዝ ይሰጣል፤ የተረፈው ነጭ ጭቃ ቦዩ ውስጥ ይደፋል። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል፤ በፈሰሰበት ሣር አይበቅልም። ከሥራ ስመለስ እየዘለልኩት ሁለት ዓመት አለፈኝ።

የምሠራው በአንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ነው። ስለዚህ ጭቃው ኖራ መሆኑን ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። 64 ግራም ንጹሕ ካርባይድ 74 ግራም ደረቅ ኖራ ይተዋል፤ ከተገዛው የሚደፋው ይበልጣል ማለት ነው! ይህ ኖራ በኃይለኛ ሙቀት ሲጋገር ውሃውን ጥሎ ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል። ካልሲየም ኦክሳይድ ደግሞ ዘይትና ሜታኖል የሚባለው አልኮል ተዋህደው ባዮዲዝል፣ ማለትም በናፍጣ ፈንታ የሚነድ ነዳጅ፣ እንዲሆኑ የሚያደርግ ካታሊስት ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ሥራውን ያፋጥናል።

«ጋሼ፣ ከዚህ ጭቃ አንድ ባልዲ ልውሰድ?» አልኳቸው ባለብየዳውን።

«ምን ሊያደርግልሽ ነው ልጄ?»

«ከዘይት ነዳጅ ላወጣበት።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና ባልዲውን ራሳቸው ሞሉልኝ።

ዘይቱን የሰጡኝ ታክሲ መያዣው አጠገብ ሳምቡሳ የሚጠብሱት እናት ናቸው። የመጀመሪያው ሙከራዬ ሳሙና ሆኖ ቀረ። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ዘይቱ ውሃ ነበረበት፤ ብዙ ቀን የተጠበሰበት ስለሆነም አሲዱ በርክቶ ነበር። የጋገርኩትን ኖራም ክዳን በሌለው ሳህን አሳድሬው የአየሩን እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጠጥቶ ደክሟል። ቦይ ውስጥ የቆየ ዝቃጭም እንዲሁ ነው፤ ላዩ ወደ በሃ ድንጋይነት ስለሚለወጥ ከፍ ያለ ሙቀት ይፈልጋል።

በሁለተኛው ዙር ትኩስ ዝቃጭ ወስጄ በ850 ዲግሪ ጋገርኩና ወዲያው ከደንኩት። ዘይቱን አጣርቼ መንጣጣቱን እስኪያቆም ካፈላሁት በኋላ ወደ 60 ዲግሪ አበረድኩት። ሜታኖል በ65 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እንፋሎቱ መርዝ ነው፣ ቢጠጣም ዓይን ያጠፋል። እባካችሁ ማንም ማድ ቤቱ ውስጥ አይሞክረው።

ሜታኖሉንና የተጋገረውን ኖራ ከዘይቱ ጋር ካዋሃድኩ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ከነዳጁ ጋር አብሮ የሚወጣው ቡናማ ግሊሰሪን ከታች ዘቀጠ፤ ከላይ እንደ ጠጅ ቢጫ የሆነ ፈሳሽ ተንሳፈፈ። ከእሱ 3 ሚሊ ሊትር ወስጄ በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ ጨመርኩ። ያልተለወጠ ዘይት ቢኖርበት ከሥር ይዘቅጥ ነበር። ጠብታ እንኳ አልታየም። ብቻዬን ቆሜ አጨበጨብኩ።

ብዙ ጊዜ ለዚህ ሥራ የሚገባው ኮስቲክ ሶዳ ነው። እሱ ግን ስለሚሟሟ ነዳጁን ደጋግሞ በውሃ ማጠብ ያስፈልጋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ኖራው በአብዛኛው ጠጣር ሆኖ ስለሚቆይ በጨርቅ ይጠለላል፣ ተመልሶም ይሠራል። ጥቂት መሟሟቱ ስለማይቀር ማጠቡ ጨርሶ አይቀርም፤ ግን ይቀንሳል። እኔን የያዘኝ ይህ ነው።

ጋሼ አሁን ዝቃጩን ክዳን ባለው በርሜል ያጠራቅሙልኛል። ያው ኖራ ሦስት ጊዜ ሠርቷል፤ አራተኛውን ቅዳሜ አየዋለሁ።