በሆሣዕና የተፈቱት የኔታ

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን!

ወዳጆቼ፣ 55ቱን ቀን ጾማችሁ፣ ዓርብ ሰግዳችሁ ለዚህች ሌሊት የበቃችሁ ሁሉ፣ እንኳን አደረሳችሁ። የቅዳሜው ቀጤማ ከግንባራችን ሳይፈታ ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ቃሉ ቶሎ አልወጣልኝም፤ ካልደረሱት አንዱ የቅኔ መምህሬ የኔታ ናቸውና።

የኔታ ያረፉት ባለፈው ዓመት በሕማማት ማክሰኞ ነው። ዋሸራ ቅኔ ተምረው፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ሲያስተምሩ ያረጁ ሰው ነበሩ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ከባሕር ዳር ተነሥቼ ለቀብራቸው መድረስ አልቻልሁም። ዕድሜ ልካቸውን የአገሩን ሙት ሁሉ ሲፈቱ የኖሩ ካህን ሰሞኑ ሕማማት ስለሆነ ፍትሐት፣ ማለትም የሙታን ጸሎት፣ ሳይደረግላቸው ወደ አፈር ገቡ ሲሉኝ አንጀቴ ተላወሰ። ለካ በሕማማት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድሞ በሚደረገው የሆሣዕና ፍትሐት የእርሳቸውም ተደርጎ አልቋል! ማን እንደሚሞት ባልታወቀበት በዚያ ሰዓት፣ ስማቸው ሳይጠራ፣ ከጎናቸው ከቆመው ሰካራምና ቂመኛ ጋር በአንድ ጸሎት ተፈትተዋል።

የኔታ እንከን አልነበረባቸውም ብዬ አልጽፍም፤ ቢሰሙኝም ይቆጡኝ ነበር። ቁጣቸው ክፉ ነበረ። አንድ ክረምት የአንድ ተማሪ የዳዊት መጽሐፍ ጠፋና፣ ሳይጠይቁ ሳይመረምሩ፣ በጉባኤው ፊት «ሌባ» ብለው በአለንጋ ገረፉኝ፤ በዚያው ሌሊት ደበሎዬን ለብሼ ጠፋሁ። ዝናብ የመታኝን ልጅ ያሳደሩኝ፣ ለራሳቸው ያስቀሩትን እንጀራ ያጎረሱኝና በማግስቱ እጄን ይዘው የመለሱኝ እማሆይ ናቸው፤ እማሆይ፣ ዛሬም በሕይወት ስላሉልኝ እግዚአብሔር ይመስገን። ዳዊቱን የወሰደውም ልጅ ከሳምንታት በኋላ ራሱ ቆሞ ተናገረ። አንተ ዛሬ መሪጌታ ነህ፣ ይህንን ታነባለህ፤ ስለ እኔ ብለህ የተቀበልኸውን ግርፋት አልረሳሁትም።

በተከታዩ ዓመት በጸሎተ ሐሙስ፣ የኔታ ታጥቀው እግር ሲያጥቡ እኔ ዘንድ ደረሱና እጃቸው ቆመ። ከዚያም ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄ፣ ይህችን እግር በሌሊት ያሰደድኋት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አሉ። እኔም ከድንጋጤዬ የተነሣ በሕማማት «ይፍቱኝ» እንደማይባል ዘንግቼ «ይፍቱኝ የኔታ» አልሁ። «እሱን ለትንሣኤ አቆየው» ብለው ፈገግ አሉ። እሑድ ሌሊት ከቅዳሴ ስንወጣ ጠርተው «የሐሙሱን ልመልስልህ» አሉኝና መስቀላቸውን አሳልመው «እግዚአብሔር ይፍታን» አሉ። «ይፍታህ» አላሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅኔ ፊደል ሲመዝኑ የኖሩ ሰው ያችን አንዲት ፊደል በስሕተት አልለወጧትም።

ቤተ ክርስቲያን የሐዋርያቱ አለቃ በእሳት ዳር ሦስት ጊዜ መካዱን በየዓመቱ በሕማማት ጮክ ብላ ታነብባለች፤ ለክብሩ ብላ አልሰረዘችውም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ቁጥር 7 ደግሞ፣ በመቃብሩ ውስጥ ነጭ ለብሶ የተቀመጠው ጎልማሳ የትንሣኤውን ዜና ለደቀ መዛሙርቱ ሲልክ፣ ከሁሉ ለይቶ በስም የጠራው ያንኑ የካደውን ጴጥሮስን ነው። የካህን ጥፋት በሰማን ቁጥር ደጁን ረግጠን የምንወጣም፣ ነውሩን ሸፍነን ክብር የጠበቅን የሚመስለንም፣ ይህንን ንባብ ቆመን ሰምተነዋል ለማለት እቸገራለሁ።

ይህን ስል ራሴን አላወጣሁም። ወንድሜ፣ ስምህን አልጽፍም፤ አንተ ታውቀዋለህ። በኅዳር ሰበካ ጉባኤው የሕንፃውን ሒሳብ ሲያይ አንድ ደረሰኝ ታጣ፤ እኔም በሽማግሌዎች ፊት «ገንዘቡ የት ገባ?» ብዬ ዐይን ዐይንህን አየሁህ። በማግስቱ ደረሰኙ ከመዝገቡ መካከል ሲገኝ ዝም አልሁ። በልጅነቴ የተገረፍሁባትን ቃል ላንተ በጨዋ አማርኛ አሳምሬ ሰጠሁህ፤ የኔታ በሰው ሁሉ ፊት የከፈሉትን እኔ ስድስት ወር ተኛሁበት።

ዘንድሮ በሆሣዕና ፍትሐቱ ሲደረግ ከአንተ ሁለት ሰው ዝቅ ብዬ ቆሜ ነበር፤ ቀና ብዬ ላይህ አልደፈርሁም። በሚመጣው ጉባኤ፣ በእነዚያው ሽማግሌዎች ፊት፣ ቆሜ እናገራለሁ። ዛሬ ግን ከቀትር በፊት ደጅህ እመጣለሁ። ድፎውን እኔ ይዣለሁ፤ ውሻውን እንዲያስሩልኝ ለልጆቹ ንገራቸው።